የመንግሥትና የግል አጋርነት በአነስተኛ ከተሞች የፍሳሽ አያያዝ፦ የቦንጋ ጉዳይ



ስለ መንግሥትና የግል አጋርነት የሚሰጥ ገለጻ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከፈጣን መንገድ፣ ከኃይል ማመንጫ ወይም ከወደብ ነው። እኔ ግን ዛሬ በወግ ሊነሣ ከማይወደድ ነገር፣ ከመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ እጀምራለሁ። አጋርነት የሚባለው አሠራር በትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሲታይ ያምራል። በትንሽ ከተማ ውስጥ፣ ገንዘቡ ትንሽ፣ ከፋዩ የማይታወቅ፣ ሥራው ደግሞ ሁሉም አፍንጫውን ይዞ የሚያልፈው ሲሆን ግን የአሠራሩ መገጣጠሚያዎች በሙሉ አንድ በአንድ ይጋለጣሉ። አንድን ጽንሰ ሐሳብ መማር የሚሻለውም እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ይመስለኛል።

ቦንጋ የተቆረቆረችው በባርታ ሸለቆ ራስጌ፣ በኮረብታ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቿ 20,858 ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባታል፤ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮም ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከተሞች አንዷ ሆናለች። ሠራተኛና ተማሪ መጣ፤ ሆቴልና የሚከራይ ክፍል በዛ። ከተማዋ እንደ አብዛኞቹ የአገራችን ከተሞች ቤቶችን ከማጣሪያ ጣቢያ ጋር የሚያገናኝ የፍሳሽ መስመር የላትም። ስለዚህ ስለ ቦንጋ ፍሳሽ ስንነጋገር በዋናነት የምንነጋገረው በየግቢው ጉድጓድና በሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ስለሚጠራቀመው ዝቃጭ ነው። የሚነሡትም ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ ማን ያወጣዋል፣ የት ይወስደዋል፣ ማንስ ይከፍልበታል?

በከተማው ዙሪያ ያለው ደን ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የባዮስፌር ክምችት ብሎ የመዘገበው ነው። ከዚህ ኮረብታ የሚወርደው ውሃ ዞሮ ዞሮ ወደ ኦሞ ተፋሰስ ይገባል። በሌሊት ተጓጉዞ በገደል አፋፍ የሚደፋ አንድ ቦቴ ዝቃጭ በጠዋቱ ዝናብ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ከወንዙ የሚቀዱ ሰዎች ደግሞ ከታች አሉ።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። የመንግሥትና የግል አጋርነት አዋጅ ቁጥር 1076/2010 አጋርነትን የሚተረጉመው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ የግል ወገኑ በረጅም ጊዜ ውል የመንግሥት የሆነን አገልግሎት ይሠራል። ሁለተኛ፣ ለዚህ ሥራው ከመንግሥት በጀት ወይም ከተጠቃሚዎች ወይም ከሁለቱም ክፍያ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ከሥራው የሚመነጨውን ሥጋት በውሉ መሠረት ይሸከማል። ተማሪዎች ሁለተኛውን በቀላሉ ይይዛሉ፤ ሦስተኛውን ይረሳሉ። ሥጋት ያልተላለፈበት ውል ተራ ግዥ ነው እንጂ አጋርነት አይደለም። በሌላ በኩል የግል ወገኑ ሊቆጣጠረው የማይችለውን ሥጋት በጫንቃው ላይ የጣለ ውልም ዕድሜ የለውም፤ ወይ ዋጋው ይንራል፣ ወይ ተቋራጩ ጥሎ ይሄዳል። በዳሬሰላም የከተማው ውሃ አገልግሎት በ2003 እ.ኤ.አ. ለአሥር ዓመት ለግል ድርጅት ተሰጥቶ ነበር። ሥራው በተጀመረ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ.፣ መንግሥት ውሉን አፈረሰው።

በአፍሪካ በፍሳሽ ማጣሪያ ዘርፍ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ምሳሌ የኒው ካይሮ ጣቢያ ነው። ውሉ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሃያ ዓመት የተፈረመ ሲሆን የጣቢያው አቅም በቀን 250,000 ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ ውል የምንማረው ዋና ነገር ክፍያው ከነዋሪዎች አለመሰብሰቡ ነው፤ ለድርጅቱ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ማለትም የሚመጣው ፍሳሽ ቢያንስ ወይም ቢበዛ የሚፈጠረውን የገበያ ሥጋት መንግሥት ይዞ፣ የግንባታውንና የአሠራሩን ሥጋት ለድርጅቱ ሰጠ። ይህ ክፍፍል ምክንያታዊ ነው። የፍሳሽ ጣቢያ ባለቤት ሰዎችን ከመስመር ጋር እንዲቀጠሉ ማስገደድ አይችልም፤ መንግሥት ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአዲስ አበባው የቃሊቲ ጣቢያ መንገዱ ሌላ ነው። በመጀመሪያ በቀን 7,600 ሜትር ኩብ የሚያስተናግዱ ኩሬዎች ነበሩ፤ በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ጣቢያ አቅሙ 100,000 ሜትር ኩብ ነው። የተሠራው በመንግሥት ገንዘብና በዓለም ባንክ ብድር ነው። በአዲስ አበባ የግሉ ዘርፍ በሰፊው የሚታየው በማጣሪያው ላይ ሳይሆን በመንገድ ላይ፣ በመምጠጫ ቦቴዎቹ ነው። ይህንን ልብ በሉልኝ። ነጋዴ የሚገባው ገንዘቡ በእጅ በሚቀበልበት በኩል ነው፤ ባለ ቤቱ ጉድጓዱ ሞልቶ ሲጨነቅ ይከፍላል። ዝቃጩ ከግቢው ከወጣ በኋላ ግን ስለ መጣራቱ አንድ ብር የሚከፍል ሰው አይገኝም። የፍሳሽ ኢኮኖሚ ችግር በሙሉ በዚህች ነጥብ ላይ ይቋጠራል።

አሁን ቦንጋን በስሌት እንያት። ስሌቱ እንዲቀልልን የነዋሪውን ቁጥር 40,000 እንበል። ይህ የሒሳብ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚወሰደው በጉድጓድ ውስጥ የሚጠራቀመው ዝቃጭ ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ያህል ነው። ይህ በዓመት 1,600 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስምንት ሜትር ኩብ የሚጭን አንድ ቦቴ ይህን ሁሉ በ200 ጉዞ ይጨርሰዋል፤ በሳምንት አራት ጉዞ ማለት ነው። በከተማው ያለው ጉድጓድ ሁሉ ቢመጠጥ እንኳ አንድ መኪና በሳምንት ከሁለት ቀን የበለጠ ሥራ የለውም። የኒው ካይሮ ጣቢያ በአንድ ቀን የሚቀበለው መጠን፣ ፍሳሽና ዝቃጭ አንድ ነገር ባይሆኑም፣ በመጠን ብቻ ሲታይ የቦንጋን የ156 ዓመት ዝቃጭ ያህላል። በነገራችን ላይ ይህን ስሌት ለተማሪዎቼ ስሰጣቸው ብዙዎቹ መልሳቸውን እንደገና ያጣራሉ፤ ስሕተት የሠሩ ይመስላቸዋል።

እውነተኛው ፍላጎት ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ግድግዳው በድንጋይ ወይም በብሎኬት ያልተደገፈ ጉድጓድ ሲመጠጥ ሊደረመስ ስለሚችል ባለ ቤቱ ከማስመጠጥ ይልቅ ሌላ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ግቢው ሰፊ እስከሆነ ድረስ ይህ ለእርሱ ርካሽ ነው። በዳገት ላይ ወደሚገኙ፣ መንገዳቸው ጠባብ ወደሆነ ሰፈሮች ቦቴ አይገባም። የመምጠጫ ፓምፕም ወሰን አለው፤ በከፍታችን የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ስለሚያንስ ወፍራም ዝቃጭን ከጥልቅ ጉድጓድ መሳብ ይበልጥ ይከብዳል። ስለዚህ ከጉድጓዶቹ ግማሹ ብቻ ይመጠጣል ብንል የመኪናው ሥራ በሳምንት ሁለት ጉዞ ይሆናል። ለዚህ ብሎ መኪና የሚገዛ ነጋዴ አይገኝም። መኪና ከጅማ ይምጣ ቢባል ደግሞ ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የነዳጁንና የመመላለሻውን ዋጋ የሚሸከመው ባለ ቤቱ ስለሚሆን ይህን መክፈል የሚችለው ሆቴሉና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ እንጂ የክፍል አከራይዋ አይደለችም። የክፍል አከራይዋ ሌላ መፍትሔ አላት፤ በክረምት ጎርፍ ሲወርድ ጉድጓዱን ወደ ቦዩ መክፈት። ይህን የምታደርገው ክፉ ሆና አይደለም።

እንግዲህ «ማጣሪያ ጣቢያ ገንብቶ ለግል ባለሀብት መስጠት» የሚለው ሐሳብ ለቦንጋ ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከዚህ ይታያል። ከዓመታት በፊት ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ የዝቃጭ ማድረቂያ መደቦችን እንድጎበኝ ተጋብዤ ነበር። በሮቹ አዲስ፣ ግንቡ ያልተሰነጠቀ፣ መደቦቹ ላይ ግን በቆሎ በቅሎባቸው አገኘሁ። ጥበቃው የዘራው ነበር፤ ፍሬውም ጥሩ ነበር። ጣቢያው ከተመረቀ ወዲህ አንድም ቦቴ ወደዚያ አልመጣም። ጣቢያው ከከተማ ይርቃል፤ ቦቴ ነጂው ለመድፋት ክፍያ ይጠየቃል፤ በመንገዱ ላይ ደግሞ ማንም የማይጠይቅበት ሸለቆ አለ። የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም።

ስለዚህ የውሉ ንድፍ ሊጀምር የሚገባው ከዚህ ነጂ ነው። በጣቢያው በር ላይ የሚጠየቀውን ክፍያ ማስቀረት አንድ እርምጃ ነው። ከዚያ የተሻለው ክፍያውን መገልበጥ ነው፤ ነጂው ሲደፋ ይከፈለው። ይህ ሐሳብ መጀመሪያ ሲሰማ ያስቃል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከአገልግሎቱ ውጤት ጋር የሚጋጠመው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። በጉድጓዱ አፍ ላይ ስንከፍል የምንገዛው የጉድጓዱን መጉደል ነው፤ በጣቢያው በር ላይ ስንከፍል ግን የምንገዛው የወንዙን ንጽሕና ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ከሕንድ አንዲት ትንሽ ከተማ መጥቀስ እወዳለሁ። በማሃራሽትራ ግዛት የምትገኘው ዋይ ነዋሪዋ ከ50,000 በታች ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ሴፕቲክ ታንኮች የሚመጠጡት ሞልተው ባለ ቤቱ ሲጠራ አይደለም፤ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ በተራ ነው። ሥራውን የሚሠራው የግል ድርጅት ነው፤ ክፍያውን የሚያገኘው ከማዘጋጃ ቤቱ፣ በመጠጠው ታንክ ቁጥር ልክ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ገንዘቡን ከንጽሕና ግብር ይሰበስባል፤ ባለ ቤቱ መኪናው በመጣ ዕለት ምንም አይከፍልም። በዚህ አሠራር የግል ወገኑ ዓመቱን ሙሉ የተመጠነ ሥራ አለው፤ ይመጣል ወይስ አይመጣም የሚለው የገበያ ሥጋት ከላዩ ተነሥቷል። የቀረበት ሥጋት መኪናው እንዳይበላሽና ሠራተኛው በሰዓቱ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ይህን ደግሞ መቆጣጠር ይችላል። ከኒው ካይሮው ውል ጋር አስተያዩት፤ መጠኑ የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም የሥጋት ክፍፍሉ አንድ ነው።

በዳካር የተሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የሴኔጋል ብሔራዊ የፍሳሽ መሥሪያ ቤት የዝቃጭ ማጣሪያዎቹን አስተዳደር ለግል ድርጅት በውል ሰጠ፤ ከዚህም ጋር ባለ ቤቱ ሲደውል የቦቴ ባለቤቶች በአጭር መልእክት ዋጋ የሚወዳደሩበት የጥሪ ማዕከል አቋቋመ። ብዙ ቦቴ ባለበት ትልቅ ከተማ ይህ ብልህነት ነው። አንድ መኪና እንኳ ሥራ በማይሞላለት ከተማ ግን ማን ከማን ጋር ይወዳደራል? ለቦንጋ የሚሻለው የዋይ መንገድ ነው፤ በየቀኑ በገበያው ውስጥ ከሚደረግ ውድድር ይልቅ በየጥቂት ዓመቱ ለገበያው የሚደረግ አንድ ጨረታ።

እስቲ ይህንንም በቁጥር እንፈትሸው። 40,000 ሰው፣ በአንድ ቤት አምስት ሰው ቢታሰብ፣ 8,000 ቤት ነው። እያንዳንዱ ቤት በውሃ ሒሳቡ ላይ በወር 10 ብር ቢጨመርበት በዓመት 960,000 ብር ይሰበሰባል። ለ200 ጉዞ ሲካፈል ለአንድ ጉዞ 4,800 ብር ይደርሳል። የውሃ መስመር ያለው ግን ሁሉም ቤት አይደለም። ግማሹ ብቻ ቢከፍል 2,400 ብር ይሆናል። እዚህ ላይ የፍትሕ ጥያቄ ይነሣል። የውሃ መስመር የሌለው ድሃ ቤተሰብ አይከፍልም፤ ጉድጓዱ ግን ይመጠጥለታል። ይህ ትክክል ነው እላለሁ፤ የእርሱ ጉድጓድ ቢፈስ የሚታመመው እርሱ ብቻ አይደለምና። በተቃራኒው ክፍያው በቤት ቁጥር እንጂ በፍጆታ ልክ ካልተጣለ፣ ብዙ ውሃ የሚጠቀመው ሆቴልና አንድ ቧንቧ ያላት ባልቴት እኩል ይከፍላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት ፖሊሲያችን የከተማ ውሃ ወጪውን ራሱ እንዲሸፍን ይላል። ፖሊሲው የተጻፈው ቧንቧን አስቦ መሆኑን ማንም ያየዋል፤ የፍሳሽ ጥቅም እንደ ቧንቧ ውሃ በቤት በቤት አይለካም።

ሌላው መፍትሔ ማሰባሰብ ነው። ቦንጋ ብቻዋን ለአንድ መኪና ካልበቃች ውሽውሽና በዙሪያዋ ያሉ ሌሎች የከፋ ዞን ከተሞች አብረዋት በአንድ ውል ሊገቡ ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉና ማረሚያ ቤቱ ደግሞ ዝቃጫቸው ብዙ፣ በጀታቸው የታወቀ ደንበኞች ናቸው። እነዚህ ተቋማት በመጀመሪያው ዓመት ውል ቢገቡ የግል ወገኑ ባንክ ሄዶ የሚያሳየው ወረቀት ያገኛል። ከፍሳሽ አንጻር ስናስበው ዩኒቨርሲቲ ዋና ሚናው ምርምር ሳይሆን አስተማማኝ ከፋይ መሆን ነው ብል ባልደረቦቼ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሕጉ ጋር አንድ ችግር አለ። አዋጅ ቁጥር 1076/2010 በገንዘብ ሚኒስቴር ሥር ያለ ጠቅላይ ዳይሬክቶሬት፣ የሚያጸድቅ ቦርድ፣ የአዋጭነት ጥናትና ዝርዝር የጨረታ ሥርዓት ይዘረጋል። ይህ ለኃይል ማመንጫ ተገቢ ነው። አንድ መኪናና ጥቂት መደብ ላለው ሥራ ግን የጥናቱ ወጪ ሥራውን ራሱን ሊበልጥ ይችላል። አዋጁ በዋናነት የፌዴራል ተቋማትንና ትላልቅ ፕሮጀክቶችን አስቦ የተጻፈ ነው። እንደ እኔ አመለካከት ክልሎች ለአነስተኛ አገልግሎቶች የሚሆን አጭር መመሪያና ከተሞች የሚሞሉት ዝግጁ የውል ቅጽ ያስፈልጋቸዋል። ሕግ ተማሪዎች የመመረቂያ ርእስ የምትፈልጉ ከሆነ ይህ አንዱ ነው።

አሁን መሐንዲሶች ወደሚጣሉበት ነገር ልግባ፤ ዝናቡ። ክፍት የማድረቂያ መደብ በደረቅ አገር ርካሽና ቀላል ነው፤ ዝቃጩን በአሸዋ ላይ ታፈሳለህ፣ ውሃው ከታች ይጠልላል፣ ፀሐዩ የቀረውን ያደርቀዋል። በከፋ ግን ዝናቡ ከየካቲት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በሌላ አካባቢ የተሠራን ንድፍ እዚህ ያመጣ ሰው መደቡ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል ሾርባ ሆኖ ያገኘዋል። ጣሪያ ያስፈልጋል፣ ወይም በሸምበቆና በመሰል ተክሎች የሚሠራ መደብ፤ ከመደቡ ሥር የሚወጣውም ውሃ ማጣሪያ ይፈልጋል። ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የውል ጉዳይም ነው። ክፍያው በደረቀ ዝቃጭ ቶን ልክ ከሆነ የዝናቡን ሥጋት ለነጋዴው ሰጠነው ማለት ነው፤ ነጋዴ ደግሞ ደመናን ማዘዝ አይችልም። ክፍያው በተረከበው ዝቃጭና ወደ ወንዙ በሚለቀቀው ውሃ ጥራት ላይ ይሁን፤ የጥራቱንም ናሙና የሚወስደው ተከፋዩ ራሱ መሆን የለበትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ በየአዋጭነት ጥናቱ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ተስፋ ነው፦ «የደረቀው ዝቃጭ ለገበሬው በማዳበሪያነት ተሽጦ ገቢ ያስገኛል።» በብዙ ቦታ ይህ የሚያስኬድ ነው፤ በከፋ ግን ልትጠነቀቁበት ይገባል። የከፋ የደን ቡና በውጭ ገበያ ዋጋ የሚያገኘው ከሞላ ጎደል በኦርጋኒክነቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ በሚፈቅዳቸው የማዳበሪያ ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ የሰው ዝቃጭ የለም። አንድ ገበሬ ይህን በቡና ማሳው ላይ ቢበትን ምስክር ወረቀቱን የሚያሳጣው ለራሱ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ቡናውን አብረው የሚሸጡ ማኅበርተኞቹም ይጎዳሉ። በጤናም በኩል የወስፋት እንቁላል በዝቃጭ ውስጥ ብዙ ወራት ይቆያል፤ በብስባሽ ሙቀት በሚገባ ካልታከመ በቀር ወደ ምግብ ሰብል ሊቀርብ አይገባውም። ስለዚህ የቦንጋ ውል ከማዳበሪያ ሽያጭ የሚገኝ ገቢን ዜሮ አድርጎ ይጀምር። ለባሕር ዛፍ፣ ለከተማ ዛፍ ችግኝ፣ ለጌጥ ሣር ቢውል መልካም፤ የሚገኘው ሳንቲም ትርፍ እንጂ መሠረት አይሁን።

ስለ ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ፍሳሽ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። በመኸር ወራት ወደ ወንዝ የሚለቀቀው የእሸት ቡና እጣቢ ከፍተኛ ኦርጋኒክ ጭነትና አሲድነት ያለው ስለሆነ የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ነገር ግን ይህ ባለቤቱ የሚታወቅ፣ በጥቂት ወራት ብቻ የሚመጣ የኢንዱስትሪ ፍሳሽ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የሚመለከተው በካዩን ነው፤ ሕዝቡ በውሃ ሒሳቡ ሊከፍልለት አይገባም። ከከተማው ዝቃጭ ጋር በአንድ ጣቢያ ይቀላቀል የሚለውን ሐሳብም አልደግፍም፤ ለሦስት ወር ጎርፍ ተብሎ የሚሠራ ጣቢያ ዘጠኝ ወር ባዶውን ይቆማልና።

ሠራተኞቹን ሳልጠቅስ አላልፍም። ቦቴ በማይገባበት ሰፈር ጉድጓድ የሚያወጡት ሰዎች ብዙ ጊዜ በሌሊት፣ ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ ይሠራሉ፤ ስማቸውን የሚጠራ የለም። የትኛውም ውል የመከላከያ ልብስ፣ ክትባትና ተንቀሳቃሽ የእጅ ፓምፕ ለእነርሱ ካላካተተ ሥራው በወረቀት ላይ ለድርጅቱ ተላልፎ በእውን በእነርሱ እጅ ይቀራል። ተደራጅተው በውሉ ውስጥ ንዑስ ተቋራጭ ቢሆኑ በዳገት ሰፈሮች ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እስካሁን ያቀረብኩት ስሌት ሁሉ በግምት ላይ የቆመ መሆኑን ደጋግሜ ተናግሬያለሁ። ማንም ጨረታ ከማውጣቱ በፊት መታወቅ ያለበት በከተማው ስንት ጉድጓድ እንዳለ፣ ስንቱ ግድግዳው የተደገፈ እንደሆነ፣ ስንቱ ጋ ቦቴ እንደሚደርስ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተመጠጠውም መቼ እንደሆነ ነው። ይህን የማያውቅ ተጫራች ወይ በፍርሃት ዋጋውን ይሰቅላል፣ ወይ በድፍረት ዝቅ አድርጎ አሸንፎ በዓመቱ ይጠፋል። ቆጠራው ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ የስልክ ካርታ፣ መጠይቅና በየግቢው በር ላይ በትሕትና የሚያንኳኳ ሰው ይበቃል። የክረምቱ ዝናብ ከመበርታቱ በፊት አንድ ቀበሌ ለሙከራ ለመጀመር ፈቃደኛ የሆናችሁ ተማሪዎች ከገለጻው በኋላ ስማችሁን ተዉልኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።